ምስጋና ለሱሉልታው የእንስሳት ሐኪም

ዶክተሩ ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ማድረስ አለብኝ።

ሱሉልታ፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ ጭልፊት ከሽቦ አጥር ጋር ተላትሞ ወደቀ። ያ ደረቱ ነጭ፣ ጅራቱ ቀላ ያለው፣ ምሰሶ ላይ ቁጭ ብሎ አይጥ የሚጠብቀው ዓይነት ነው። አንድ ክንፉ ተንጠልጥሏል። አንዱ ጎረቤት "ወጌሻ ይየው" አለ፤ ሌላው "ጫጩት ፈጅ ነው፣ ተዉት" አለ። እኔ ወደ ክሊኒኩ ይዤው ሮጥኩ። ደንበኞቻቸው በአብዛኛው የወተት ላሞች ናቸው፤ ቢሆንም አልመለሱኝም። መጀመሪያ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ደውለው አሳወቁ፣ ከዚያ ራጅ አነሱት።

አጥንቱ አልተሰበረም፤ ክርኑ ነው የወለቀው። መገጣጠሚያው ውስጥ ስብራት ቢኖር ኖሮ የመብረር ተስፋው በጣም ጠባብ ነበር አሉኝ። ውልቃትም ቢሆን በቆየ ቁጥር ለመመለስ ይከብዳል። አደንዝዘው በእጃቸው መለሱት፣ ግን አልጸና አለ። ስለዚህ ከፍተው የተበጠሰውን ጅማት ሰፉ፤ ክርኑንም ከቆዳው ውጭ በሚያያዙ ቀጫጭን ብረቶች ደገፉት።

በጣም ያደነቅኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ብዙ ሰው ክንፉን ጠፍንጎ አስሮ ወር ሙሉ ይተወዋል። እንዲህ የታሰረ መገጣጠሚያ ይደርቃል፤ ከክንፉ ፊት ያለው ስስ ቆዳም ይኮማተራል። እሳቸው ብረቱን ቶሎ አወጡና እያደነዘዙ ክንፉን ቀስ ብለው ይዘረጉት ጀመር። መቆሚያ እንጨቱን እንኳን በገመድ ጠመጠሙለት፤ ታሞ የሚቆም አሞራ መዳፉ ይቆስላላ! ለሕመሙ የሰጡት ሜሎክሲካም የሚባለውን ማስታገሻ ነው። ዲክሎፌናክ የተባለው ሌላው ማስታገሻ ግን በእሱ የታከሙ ከብቶችን ጥንብ የበሉ የደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎችን ሊጨርስ ስለደረሰ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለከብት እንዳይሰጥ አግደውታል። ዶክተሩ ይህንን ለሰፈሩ ከብት አርቢዎችም ይነግራሉ።

ለመልቀቅም አልቸኮሉም። "በአንድ ክንፍ ተኩል አድኖ አይበላም" አሉኝ። ሰፊ የመረብ ቤት ውስጥ ከጫፍ ጫፍ ደጋግሞ ሲበር ካዩ በኋላ ነው የፈቀዱት። አሁን ሜዳው ላይ ራሱ ያድናል።

ዶክተር፣ እጅዎ ይባረክ! እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እናንተም እንዲህ ያለ አሞራ ካገኛችሁ ፎጣ ጣል አድርጉበት፣ ጥፍሩን ተጠንቀቁ፣ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ ጨለማ ላይ አስቀምጡት። በአፉ ውሃም ሥጋም አታስገድዱት። በዚያው ቀን ውሰዱት። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።