ጎበዜን ከደላላ እጅ ላዳነልን የእንስሳት ሐኪም የቀረበ ምስጋና

ውድ የባሕር ዳርና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣

ይህን የምጽፈው ለአንድ የእንስሳት ሐኪም በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ ነው። በቤታችሁ በቀቀን ያላችሁና በልዩ ልዩ ምክንያት ለሌላ ሰው ለመስጠት የምታስቡ ወገኖቼም ይህን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትወስኑ ለመጠቆም እወዳለሁ። ስሙ በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለ ጠየቀኝ ፈቃዱን አክብሬ «ዶክተር» ብቻ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጎበዜ ጅራቱ ደማቅ ቀይ የሆነ ግራጫ በቀቀን ነው። ነፍሱን ይማረውና አጎቴ በ1989 ዓ.ም. ከካምፓላ ኑሮውን ጠቅልሎ ሲመለስ በፈቃድ ይዞት መጣ፤ የመግቢያ ፈቃዱና የጤና ምስክር ወረቀቱ ዛሬም በአጎቴ ሰማያዊ ፋይል ውስጥ አሉ። አጎቴ አምና ሲያርፍ ጎበዜ ወደ እኔ ቤት መጣ። የውጭ በር በተንኳኳ ቁጥር በአጎቴ ድምፅ፣ በዚያው በሻከረ አነጋገሩ፣ «ማነው እሱ?» ይላል። በሐዘኑ ሰሞን ሊያጽናኑን ከመጡት መካከል ይህን ሰምተው በሩ ላይ ቆመው ያለቀሱ ነበሩ።

እንዲህ ያለውን ወፍ ለመስጠት ያሰብኩት ወድጄ አይደለም። ግራጫ በቀቀን ከላባው ሥር ነጭ፣ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ያወጣል። ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ማታ በጣት ሊጻፍበት ይችላል። ትንሿ ልጄ አስም ስላለባት ጎበዜ ከመጣ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ እያጠራት ሁለት ጊዜ ለሕክምና ይዣት ሮጫለሁ፤ የሚያክሟትም ወፉ ከቤት ቢወጣ እንደሚሻል በግልጽ ነገሩኝ። ስለዚህ ፎቶውን አንስቼ፣ «በነጻ የምሰጠው፣ የሚወደው ቤተሰብ እፈልጋለሁ» ብዬ በቴሌግራም አወጣሁ። በነጻ ማለቴ ደግነት መስሎኝ ነበር።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ከጻፉልኝ ሰዎች ሁሉ ልቤን የገዛው አንድ ሰው ነበር። አነጋገሩ ትሑት ነው። ልጆቹ የሞተባቸውን በቀቀን እያሰቡ እንደሚያለቅሱ፣ ቤቱ ጣና ዳር እንደሆነ፣ ሰፊ ግቢ እንዳለው ነገረኝ። ተጨማሪ ፎቶ ሲጠይቀኝ ሦስት ላክሁለት። ቀጥሎ የጠየቀኝ ስለ ቀለበቱ ነበር፤ በእግሩ ቀለበት እንዳለው፣ ወረቀቱም አብሮ ይሰጠው እንደሆነ። ስለሚበላው፣ ስለሚፈራው፣ ስለ ጤንነቱ አንድም ቃል አልጠየቀኝም። ያን ጊዜ ይህን ልብ አላልኩም። «ዛሬ ማታ በባጃጅ መጥቼ ልውሰደው» ሲለኝ ግን ጥፍሩ ስላደገ ሳይቆረጥ መስጠቱ ነውር መስሎ ታየኝና ለነገ ቀጠርኩት። ዶክተርን ያገኘሁት በዚያ ጥፍር ምክንያት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት የጎበዜን የሽቦ ቤት በነጠላ ሸፍኜ ሄድኩ። ዶክተር በአብዛኛው የሚያክመው ከብት፣ በግ፣ አህያና ውሻ ነው፤ በእኛ ከተማ ለወፍ ብቻ የሚሆን ሐኪም ከየት ይገኛል? ይህንኑ እሱ ራሱ አስቀድሞ ነገረኝ። አንድ ጥያቄ ስጠይቀው «ይህን አላውቅም፣ የማውቀው መምህሬን ልደውልለት» ብሎ ፊቴ ደወለ። ያመንኩት በዚህ ነው። ከዚያም ጎበዜን በፎጣ ጠቅልሎ ያዘና ጣቴን ወስዶ በደረቱ መካከል ባለው አጥንት ላይ አሳረፈው። አጥንቱ እንደ ቢላዋ ስለት ሾሎ ከወጣ ወፉ ከስቷል ማለት ነው፤ ግራና ቀኙ በሥጋ ከሞላ ደህና ነው። በትንሽ ሚዛን ሲመዝነው 430 ግራም ሆነ። ወፍ ሕመሙን እስከ መጨረሻው ስለሚደብቅ በየሳምንቱ መመዘን እንደሚገባ፣ ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ከጎደለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መወሰድ እንዳለበት አስረዳኝ።

ጥፍሩን እየቆረጠ፣ «እትዬ፣ ለማን ነው የሚሰጡት?» አለኝ። ነገርኩት። «ቤቱን ሄደው አይተውታል?» አላየሁም። «የድሮው ወፉ በምን እንደ ሞተ ጠይቀውታል?» አልጠየቅኩም። «ፎቶ ልከውለታል?» አዎ አልኩ። መቁረጫውን አስቀመጠና ከእኔ ጋር የመጣችውን ትልቋን ልጄን ወፍ የሚሸጥባቸውን የቴሌግራም ቻናሎች እንድትፈልግ ጠየቃት። ብዙም አልቆየች። ፎቶው የእኛው ነው፤ ከጎበዜ ጀርባ የእኔ ሳሎን መጋረጃ፣ ከታች በኩል ደግሞ ጠርዙ የተሸረፈው የስኒ ረከቦቴ ይታያል። «ተናጋሪ፣ ሙሉ ወረቀት ያለው፣ አዲስ አበባ ድረስ እናደርሳለን፣ ቀብድ በቴሌብር» ይላል። የተጠየቀው ዋጋ እኔ በመምህርነት በብዙ ወራት ከማገኘው ደመወዝ በላይ ነበር። ወፉ ግን ገና እኔ ጉልበት ላይ ነው ያለው።

እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም። ዶክተር ሥራውን አቁሞ ውኃ አስመጣልኝና ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በዝግታ አስረዳኝ። እኔም የሰማሁትን እናንተ እንድታውቁት እጽፈዋለሁ።

በነጻ ወይም በርካሽ የሚሰጥ በቀቀን ለእንዲህ ያለው ደላላ ወጪ የሌለበት ትርፍ ነው። የሚያሳዝን ታሪክ ይዞ ይመጣል፣ ባለቤቱን ያጣድፋል፣ ቤቱን አያሳይም። ወፉ በእጁ የሚቆየው ገዢ እስኪያገኝ ድረስ ብቻ ነው፤ እስከዚያው ከየትም ከተሰበሰቡ ወፎች ጋር በአንድ ክፍል ይታጎራል። አንዱ ከታመመ ሁሉም ይታመማል። ሲታኮሲስ የተባለው የበቀቀን በሽታ ደግሞ ከደረቀ ኩስ በሚነሳ አቧራ ወደ ሰው ሳንባም ስለሚገባ፣ ሳያውቅ የሚገዛው ቤተሰብ ወፉን ብቻ ሳይሆን ሕመሙንም ይዞ ይገባል። ግራጫ በቀቀን 40 እና 50 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚኖር፣ ሰውን የሚለይና ሰውን የሚለምድ ፍጥረት ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር በጭንቀት ላባውን በገዛ ምንቁሩ እየነቀለ ደረቱን ራቁቱን ያስቀራል። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የሚበላውን የሚያውቅ ሰው ከኋላው አይገኝም። ወፉ ጨርሶ ለማይሰጥ ሰው የተላከ ፎቶም ቢሆን ቀብድ ለመሰብሰቢያ ይውላል፤ የሚታለለው ሌላ ቤተሰብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ የወረቀቱ ጉዳይ ነው። በጎበዜ እግር ላይ ያለው ቀለበት መጋጠሚያ የለውም፤ እንዲህ ያለው ቀለበት የሚገባው ወፉ ገና ትንሽ ጫጩት ሳለ ብቻ ስለሆነ በሰው እጅ መፈልፈሉን ያመለክታል። ግራጫ በቀቀን ከጫካ እየተያዘ ቁጥሩ በጣም ስለ ቀነሰ፣ በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት፣ ማለትም በሳይተስ፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግበት አንደኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። ከጫካ የተያዘ ወፍ በዓለም አቀፍ ገበያ ለንግድ አይፈቀድም። ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ስለዚህ ለአታላይ ነጋዴ የአጎቴ ሰማያዊ ፋይል ከወፉ እኩል ዋጋ አለው፤ ጎበዜ ሞተም ተሸጠም ወረቀቱ ከየትኛውም ጫካ ለተያዘ ሌላ ግራጫ በቀቀን መሸፈኛ ይሆናል። አጎቴ በታማኝነት ያስቀመጠው ሰነድ ለስርቆት ሊውል ነበር።

ዶክተር የጣናን ወፎችም አንስቶ ነበር። በዘጌ ጫካ ውስጥ የሚበሩት ትንንሾቹ አረንጓዴ በቀቀኖች፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ፣ ሴቷ ግን ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆኑት ባለ ጥቁር ክንፎች፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የትም የሉም፤ ፊቱ ቢጫ የሆነው በቀቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። የሰው ወፍ እየሰበሰበ የሚሸጥ ነጋዴ ከዛፍ የተያዘውንም ከመሸጥ እንደማይመለስ ነገረኝ። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መነገድ በሕግ የተከለከለ መሆኑንም ሆነ ሳይተስን በአገራችን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን መሆኑን ያወቅኩት በዚያ ቀን ነው። ጎበዜን ለማንም ከማስተላለፌ በፊት ባለሥልጣኑን እንድጠይቅ ነገረኝ፤ ጠየቅሁ።

ለሰውየው ምን እንደምለው እንኳ አብረን ነው ያሰብነው። ዶክተር መሳደብም መጨቃጨቅም እንደማይጠቅም ስለ መከረኝ፣ ቤቱን ማየት እንደምፈልግና ወረቀቱ ከእኔ ዘንድ እንደሚቀር ብቻ ጻፍኩለት። ከዚያ በኋላ መልስ አልሰጠኝም። የልጆቹ ለቅሶ በዚያው ቆመ።

ዶክተር በዚህ ቢያበቃ እንኳ ምስጋናዬ ባልጎደለ ነበር። እሱ ግን ከሳምንት በኋላ ደውሎ፣ በሙያው ለረጅም ጊዜ የሚያውቃቸው፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት እንዳሉ ነገረኝ። ወስደህ ስጥልኝ ብለውም እሺ አላለኝም። በመጀመሪያ እኔ ቤታቸው ሄድኩ፤ ቀጥሎ እነሱ ሁለት ጊዜ ወደ እኛ መጡ። እማማ በመጀመሪያው ቀን ከሽቦው ቤት አጠገብ ዝም ብለው ስፌታቸውን ሲሰፉ ዋሉ፤ በሁለተኛው ቀን ጎበዜ ከመዳፋቸው ላይ የሱፍ አበባ ፍሬ አነሳ። ወጥ ቤታቸውንም አብረን አየን። የማይጣበቀው መጥበሻ ባዶውን ሲግል የሚወጣው ጭስ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል እንደሚችል፣ ቡና ሲፈላ እጣን የሚጤስበት ክፍል ለወፍ ሳንባ እንደማይሆን፣ አቮካዶ ደግሞ ለበቀቀን መርዝ መሆኑን ዶክተር እዚያው ነገራቸው። እኔ በበኩሌ ከስፕሪስ ብርጭቆዬ ስንት ጊዜ ልሰጠው እንደ ነበር አስቤ ቀዘቀዝኩ።

ስምምነቱ በጽሑፍ ሆነ። የቀለበቱ ቁጥር ተጻፈበት፤ ማሳደግ ካልቻሉ ለእኔ እንደሚመልሱ፣ እኔ ሳላውቅ ለማንም እንደማያስተላልፉ፣ ዋናው ሰነድ የት እንደሚቀመጥ ሁሉ ሰፈረ፤ ሁለት ምስክሮች ፈረሙ። ዶክተር በወሩ በራሱ ጊዜ ሄዶ መዘነው፤ 435 ግራም። ልጄም ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ተኝታ ታድራለች።

ስለ ክፍያው መናገር አለብኝ። የተቀበለኝ የምርመራና የጥፍር መቁረጫ ዋጋ ብቻ ነው። ለድካሙ ብዬ ፖስታ ሳቀርብለት፣ «እኔ ሐኪም ነኝ እትዬ፣ ወፍ አላሻሽጥም» ብሎ መለሰልኝ። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአጎቴ የገባሁትን አደራ ባልጠበቅኩ ነበር፤ አንተ አስጠበቅኸኝ።

እሱን ማግኘት ለምትፈልጉ፣ ከሰዓት በኋላ ለከብት ሕክምና ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስለሚወጣ በአብዛኛው የሚገኘው ጠዋት ነው። ሰው በርከት ስለሚልበት ቀድማችሁ ብትደውሉ ይሻላል፤ እኔ ሳልደውል ሄጄ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቄአለሁ። ወፉን ከነፋስ ከልሉት፤ ከቤቱ ወለል ላይ የዚያን ቀን ኩስ ያለበትን ወረቀት ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነውና። ቀለበትና ሰነድ ካለ ፎቶውን ለማንም አትላኩ፣ ለዶክተር ግን አሳዩት። ስልኩን ለመስጠት ፈቅዶልኛል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።