ክረምትን በሜክሲኮ፦ ሜክሲኮ ሲቲ ይሻላል ወይስ ጓዳላሃራ?

በዚህ ክረምት ሜክሲኮን ለማየት ካሰባችሁ መጀመሪያ የምትሰሙት ምክር «ኧረ ዝናብ ነው፣ ተዉት» የሚል ነው። እኔ ግን አትተዉት እላለሁ። የአገሩ የዝናብ ወቅት ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ዋናዎቹ ወራት ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት ናቸው፤ ያው የእኛ ክረምት ማለት ነው። ልጆች ትምህርት የሚዘጉት፣ ፈቃድም የሚገኘው በዚሁ ጊዜ ስለሆነ ለብዙ ቤተሰብ ሌላ አማራጭ የለም። ስለዚህ መምረጥ ያለብን ከተማውን ነው።

ሁለቱን ትልልቅ የደጋ ከተሞች ነው የማነጻጽረው። ሞንቴሬይን የተውኩት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ ስለሚያልፍ ነው። ሜሪዳ ደግሞ ሙቀትና ወበቅ አንድ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ነው። ሁለቱም የሚታዩ ከተሞች ናቸው፣ ጊዜያቸው ግን አሁን አይደለም።

ዝናቡ በስንት ሰዓት ይመጣል?

ብዙ ሰው የሚያየው የዝናቡን መጠን ነው። በመጠን ከሄድን ጓዳላሃራ ትበልጣለች። ለጎብኚ ግን ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። በሁለቱም ከተሞች ጠዋቱ አብዛኛውን ጊዜ ብራ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ከቀትር በኋላ በደቡብ በኩል ካለው ከአሁስኮ ተራራ አቅጣጫ ደመናው ይጠቁራል። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ዶፉ ይወርዳል፣ አንዳንዴም በረዶ ይቀላቅላል። ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ሰዓት ያባራል፤ አንዳንድ ቀን ግን ካፊያው እስከ ማታ አይለቅም።

ጓዳላሃራ ላይ ዝናቡ ዘግየት ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አመሻሽና ሌሊት ነው። መብረቁና ነጎድጓዱ ከባድ ነው። የሳፖፓኗ እመቤት የሚሏት ትንሽዬ ሐውልት ከግንቦት እስከ ጥቅምት የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት እየዞረች የምትቀመጠው ለዚህ ነው። ሕዝቡ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ከማዕበልና ከመብረቅ እንድትጠብቀው ሲለምናት ኖሯል። ጥቅምት 12 በእነሱ አቆጣጠር ወደ መቅደሷ ስትመለስ እጅግ ብዙ ሕዝብ አጅቧት ይሄዳል። ያንን ቀን የገጠማችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

በሰዓት በኩል እንግዲህ ጓዳላሃራ ታሸንፋለች፤ ረዘም ያለ ቀን ትሰጣችኋለች። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከፓስፊክ በኩል ማዕበል ሲገባ ሁለቱም ከተሞች ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ለተከታታይ ቀናት ሊዘንብባቸው ይችላል። ፕሮግራማችሁ ውስጥ አንድ ትርፍ ቀን ያዙ።

ብርዱና ከፍታው

ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ናት። ከአዲስ አበባ መቶ ሜትር ገደማ ብታንስ ነው። ሐምሌ ላይ ቀኑ 23 እና 24 ዲግሪ፣ ሌሊቱ 12 እና 13 ዲግሪ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ቤቱ እንዳለ ነው የሚቆጥረው። ሂዩስተን ወይም ዋሽንግተን ብዙ ዓመት የኖረ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራስ ምታትና ድካም ሊሰማው ይችላል። ዝናቡ ሲመታ ብርዱ ቶሎ ይገባል፤ ሹራብ ሳትይዙ እንዳትሄዱ።

ጓዳላሃራ 1,560 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቀለል ትላለች። ቀን 27 እና 28 ዲግሪ ነው፣ ማታም ደጅ ተቀምጦ መብላት ይቻላል። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለባቸውን እናትና አባት ይዛችሁ ከሆነ ሐኪማቸውን አማክሩ። እኔ ብሆን ለእነሱ ጓዳላሃራን ነው የምመርጠው።

ጎርፉስ?

ሜክሲኮ ሲቲ የተሠራችው ሐይቅ በነበረ ቦታ ላይ ነው። ዙሪያዋን ተራራ ነው፣ ውሃው በራሱ የሚወጣበት በር የለውም። በፓምፕና በዋሻ ነው የሚወጣው። 62 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የፍሳሽ ዋሻ ሠርተው በ2019 እ.ኤ.አ. መርቀዋል፤ ጎርፉ ግን አልቀረም። በኦገስት 2025 ዋናው አውሮፕላን ማረፊያ በውሃ ተጥለቅልቆ በረራ ለሰዓታት ተቋርጦ ነበር። የሜትሮ ባቡሮችም ከመሬት በላይ በሚሄዱበት መስመር ዝናብ ሲዘንብ ሆን ብለው ዝግ ይላሉ። አብዛኞቹ የጎማ እግር ስላላቸው ሐዲዱ ሲረጥብ እንዳይንሸራተቱ ነው። ለምሳሌ መስመር 2 ከሳን አንቶኒዮ አባድ እስከ ታስኬኛ ያለው ክፍል ሜዳ ላይ ነው የሚሄደው።

ጓዳላሃራም ከጎርፍ አታመልጥም። እንደ ሎፔስ ማቴዎስ ያሉ ትልልቅ ጎዳናዎች በአንድ ዶፍ ወንዝ ይሆናሉ። በጁን 30 ቀን 2019 የወረደው በረዶ በአንዳንድ ሰፈሮች ከአንድ ሜትር በላይ ተከምሮ መኪኖችን ቀብሯል። ልዩነቱ ከተማዋ አነስ ማለቷ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በዝናብ ሰዓት መኪና ውስጥ ከተያዛችሁ ምሽቱ እዚያው ያልቃል፤ የኡበርም ዋጋ ወዲያው ይሰቀላል።

ሆኖም የሜክሲኮ ሲቲ ሰው ለዝናብ ያለው ዝግጁነት ያስደስታል። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ የሜትሮው መውጫ ላይ የፕላስቲክ ዝናብ ልብስ ሻጮች ከየት መጡ ሳይባል ይደረደራሉ። የመንገድ ዳር ምግብ ሻጯ ሸራዋን ትዘረጋለች። ውሃ አዝሎ ሲያብጥ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር ገፋ ታደርገዋለች፤ ውሃው በአንድ በኩል ዷ ብሎ ይወርዳል። ምጣዱ ግን ሥራ አያቆምም።

ከሰዓት በኋላውን የት ታሳልፉታላችሁ?

እዚህ ላይ ውድድር የለም፤ ሜክሲኮ ሲቲ በብዙ ትበልጣለች። ጣሪያ ሥር የሚታየው ነገር ማለቂያ የለውም። ከሁሉ በላይ ግን ቻፑልቴፔክ ፓርክ ውስጥ ያለው የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም አለ። በሩ ላይ የቆመው ግዙፍ ድንጋይ ትላሎክ ይባላል፣ የጥንቱ የዝናብ አምላክ። በኤፕሪል 1964 ኮአትሊንቻን ከሚባል መንደር ተጭኖ ከተማ ሲገባ ዝናብ በማይጠበቅበት ወር ኃይለኛ ዶፍ ወረደ። ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ግቢው መሐል በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ የቆመ ትልቅ ጣሪያ አለ፤ ዙሪያውን ውሃ እንደ መጋረጃ ይወርድበታል፣ ስሙም «ጃንጥላው» ነው። ከውጭ ሲዘንብ እዚያ መገኘት ደስ ይላል። አዳራሾቹ ግማሽ ቀን ይበላሉ። ሰኞ ዝግ መሆኑን አትርሱ።

ጠዋቱን ለሜዳው ስጡት። ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቀው የሚገኙት የቴዎቲዋካን ፒራሚዶች መጠለያ የላቸውም። በር ሲከፈት ደርሳችሁ ከቀትር በፊት ውጡ፤ መብረቅ ባለበት ሰዓት ገላጣ ሜዳ ላይ መገኘት አደገኛ ነው። ሜክሲኮ በ2022 የሰዓት ለውጥን ስላስቀረች ሐምሌም ቢሆን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል። ማርፈድ አያዋጣም።

ጓዳላሃራ ዝናብን የሚያስረሳ አንድ ትልቅ ቤት አላት፣ ኦስፒሲዮ ካባኛስ። ድሮ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነበር፤ ዛሬ የዓለም ቅርስ ነው። ሆሴ ክሌሜንቴ ኦሮስኮ በ1930ዎቹ መጨረሻ የጸሎት ቤቱን ጣሪያ ሥሏል። ጉልላቱ ውስጥ በእሳት የሚነድ ሰው ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል። አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባ ተኝቶ ማየት የተለመደ ነው። አጠገቡ ያለው የሳን ሁዋን ዴ ዲዮስ ገበያም ባለ ጣሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛው የሚታየው ውጪ ነው፤ የትላኬፓኬ የእጅ ጥበብ ሱቆች፣ የቻፓላ ሐይቅ፣ የተኪላ ከተማ። የተኪላ መንገድ በዚህ ወቅት አረንጓዴ ነው፣ በጠዋት ከሄዳችሁበት ያምራል።

የምግብ ነገር

አሳማ የማትበሉ ከሆነ «ማንቴካ» የሚለውን ቃል ያዙ፤ የአሳማ ስብ ነው። ባቄላውም፣ ቂጣውም ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ሳትጠይቁ አትብሉ። የጓዳላሃራ ታዋቂ ሳንድዊች፣ ቶርታ አኦጋዳ፣ የአሳማ ሥጋ ነው። ቢሪያ ግን በባህሉ የፍየል ሥጋ ነው፤ ቅመሙ ጠልቆት እስኪፈራርስ የበሰለ። ለእኛ ሰው አፍ የሚስማማ ነው።

ፍልሰታን የምትጾሙ ደግሞ ሜክሲኮ ሲቲ ትመቻችኋለች። ከሰማያዊ በቆሎ ሊጥ የሚሠራ ትላኮዮ የሚባል ረዘም ያለ ቂጣ አለ፤ ውስጡ ባቄላ፣ ላዩ የበለስ ቁልቋል ቅጠልና ሳልሳ ነው። «ሲን ኬሶ፣ ሲን ክሬማ፣ ሲን ማንቴካ» በሉ፤ ያለ አይብ፣ ያለ ክሬም፣ ያለ ስብ ማለት ነው። ዝናቡ ደግሞ የእንጉዳይ ጊዜ ነው። በቆሎ ላይ የሚበቅለው ጥቁሩ ዊትላኮቼም በዚህ ወቅት ትኩሱ ይገኛል።

ገንዘባችሁን የት ታወጡታላችሁ?

ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ለሆቴሉ ኮከብ አትክፈሉ፣ ለቦታው ክፈሉ። ዝናብ ሲመጣ በእግር የምትገቡበት፣ ከመሬት በታች የሚሄድ ሜትሮ አጠገብ ያለ ቤት ፈልጉ። ሮማና ኮንዴሳ የሚባሉት ሰፈሮች ዋጋቸው ይወደዳል። ናርቫርቴ ቀነስ ይላል፣ ምግቡም ግሩም ነው። የመስመር 3 ጣቢያው ስም ኢትዮጵያ ነው፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ እንዳለን እነሱም የኢትዮጵያ አደባባይ አላቸው። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ያለች አገር ናት፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1954 እ.ኤ.አ. ሄደው ጎብኝተዋታል። እዚያ ሰፈር ማደር ለእኔ ከብዙ ሙዚየም ይበልጣል።

በሁለቱም ከተሞች ጠዋት የሚያርፍ በረራ ግዙ፣ ጥቂት ብር ቢጨምርም። ማዕበሉ የሚመታው የከሰዓትና የማታ በረራ ነው። ሆቴል ሲታይ ሐምሌና ነሐሴ የአገሬው የትምህርት ዕረፍት ስለሆነ ይጨናነቃል። ጓዳላሃራ ላይ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ የማሪያቺ ፌስቲቫል አለ፤ ሙዚቃውን ካልፈለጋችሁ ቀኑን አሳልፉት። የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ ወይም የሸንገን ቪዛ ያለው ኢትዮጵያዊ ለጉብኝት የሜክሲኮ ቪዛ አይጠየቅም፤ ቢሆንም ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቆንስላውን ጠይቁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱና አንድ ሳምንት ብቻ ያላችሁ ሜክሲኮ ሲቲን ያዙ፤ ቢዘንብም ቀኑ አይባክንም። ትንንሽ ልጆች ወይም ወላጆች ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ መዝናናት ከፈለጋችሁ ጓዳላሃራ። አሥር ቀን ካላችሁ ሁለቱም ይበቃሉ። በመካከላቸው የአውሮፕላን ጉዞው አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፣ በአውቶቡስ ደግሞ ሰባት ሰዓት ገደማ። በጓዳላሃራ ገብታችሁ በሜክሲኮ ሲቲ ውጡ። ሰውነታችሁ ከፍታውን ቀስ በቀስ ይለምዳል።