የስታንሊ ኮኸን መጽሐፍ፦ የ513 ፓውንድ ጉዳት እንዴት አገር አስደነገጠ?

በ1964 የፋሲካ ሰሞን (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በምሥራቅ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው የመዝናኛ ከተማ በክላክተን ብርዱና ዝናቡ ገበያውን አቀዝቅዞት፣ የመጡት ወጣቶችም የሚሠሩት አጥተው ሳለ፣ ስኩተር በሚነዱት «ሞድስ» እና ከባድ ሞተር ብስክሌት በሚነዱት «ሮከርስ» መካከል መጓተትና ድንጋይ መወራወር ተጀመረ። መስኮቶች ተሰበሩ፣ በባሕሩ ዳር የነበሩ ጥቂት የእንጨት ጎጆዎች ተበላሹ፣ አንድ ልጅም የሩጫ ማስጀመሪያ ሽጉጥ ወደ ሰማይ ተኮሰ። የታላላቆቹ ጋዜጦች አንባቢ ግን ያነበበው ስለ ሽብርና ስለ ወረራ ነበር።

የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ስታንሊ ኮኸን በ1972 ያሳተሙት «ፎክ ዴቪልስ ኤንድ ሞራል ፓኒክስ» የሚመረምረው በተፈጸመውና በተነገረው መካከል ያለውን ይህን ርቀት ነው። «ሞራል ፓኒክ» የሚባለው አንድ ድርጊት ወይም አንድ ወገን የማኅበረሰቡን እሴት የሚያፈርስ አደጋ ተደርጎ ሲሣልና ጋዜጣው፣ ሰባኪው፣ ዳኛውና ፖለቲከኛው በአንድ ድምፅ ሲነሡበት የሚፈጠረው ድንጋጤ ነው። «ፎክ ዴቪል» የሚለውን ቃል በቃል «የሕዝብ ሰይጣን» ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ልጆች የሚፈሩት የእኛው «ጭራቅ» የተሻለ ይመስለኛል፤ ጭራቅ የሚፈራው ታይቶ ሳይሆን ተወርቶ ነውና።

መጽሐፉን ከሌሎች የዘርፉ ሥራዎች አስበልጬ የምወደው በትዕግሥት ስለሚቆጥር ነው። አንድ ጋዜጣ በአንዲት ከተማ በባሕሩ ዳር ያሉ የዳንስ አዳራሾች መስኮቶች በሙሉ እንደ ተሰባበሩ ሲጽፍ፣ ኮኸን ያጣራሉ፤ ከተማዋ ያላት የዳንስ አዳራሽ አንድ ብቻ ነው፤ የተሰበሩትም ከመስኮቶቹ ጥቂቶቹ ናቸው። በሌላዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ በማርጌት ፍርድ ቤት 75 ፓውንድ የተቀጣ ወጣት «በቼክ እከፍላለሁ» ማለቱ፣ እነዚህ ልጆች ገንዘብ የተረፋቸው ባለጌዎች ለመሆናቸው ማስረጃ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ተጠቀሰ፤ ልጁ ግን የባንክ ሒሳብ እንኳ አልነበረውም፤ ቃሉም የእልህ ቀልድ ነበር። የክላክተን ጉዳት በገንዘብ ሲተመን 513 ፓውንድ ገደማ ነው። ኮኸን ምንም አልሆነም አይሉም፤ የሆነውን በልኩ ያስቀምጡታል እንጂ። ዛሬ «ይህ ሞራል ፓኒክ ነው» እያሉ የሌላውን ስጋት ሁሉ በአንድ ቃል የሚያጣጥሉ ሰዎች ይህን ልዩነት ልብ ቢሉት እመኛለሁ።

ከማጋነኑ ቀጥሎ ትንቢቱ ይመጣል። በሚቀጥለው በዓል የባሰ ይመጣል ተብሎ ስለሚጠበቅ፣ ሁከት ሳይኖር ሲቀር እንኳ አለመኖሩ ዜና ይሆናል። የፀጉር አቆራረጡ፣ ስኩተሩና ልብሱ ከሰውየው ተነጥለው የወንጀል ምልክት ይሆናሉ። ፖሊስ በቁጥር በዝቶ ይጠብቃል፣ ጥቃቅኑ ነገር ሁሉ ያሳስራል፣ ወጣቶቹም ሊያዩና ሊታዩ ይጎርፋሉ። በዚያው በ1964 በንብረት ላይ የሚደርስ ጉዳትን የሚመለከት ቅጣቱ የከበደ ሕግ በፓርላማ ጸደቀ። ድንጋጤው የፈራውን ነገር ራሱ እንዴት እንደሚያሳድግ የሚያሳዩት እነዚህ ምዕራፎች የመጽሐፉ እምብርት ናቸው።

ንባቡ ግን ሁልጊዜ አይቀልም። ስለ ጎርፍና አውሎ ነፋስ ካጠኑ ተመራማሪዎች የተወሰደው የአደጋ ጊዜ ደረጃዎች አከፋፈል ለጀማሪ አድካሚ ነው። የወጣቶቹ የራሳቸው ድምፅም ከዳኞቹና ከጋዜጦቹ ድምፅ ያነሰ ሆኖብኛል። ተመራማሪዎቹ አንጄላ ማክሮቢና ሣራ ቶርንተን በ1995 እንደ ተከራከሩት፣ የተወገዙት ወገኖች ዛሬ የራሳቸው መገናኛ ብዙኃንና ተከራካሪ አላቸው፤ በ1964 የነበረው አንድ ወጥ ማኅበረሰብና ጥቂት ጋዜጣ አሁን የለም።

መግዛት ለሚፈልግ የምመክረው በ2002 ራውትሌጅ ያወጣውን ሦስተኛውን እትም ነው፤ ኮኸን ረጅም አዲስ መግቢያ ጽፈውበታልና። በዚያ ስለ ጥገኝነት ጠያቂዎች በብሪታንያ ጋዜጦች ይጻፍ የነበረውን ይመረምራሉ፤ «ሐሰተኛ ስደተኛ» የሚለው ስያሜ ሲደጋገም ሰውየው ጉዳዩ ሳይታይ እንዴት እንደሚፈረድበት የሚያሳየውን ክፍል፣ በስደት የሚኖር ወይም ወገኑ የተሰደደበት የአማርኛ አንባቢ እንደ ሩቅ አገር ታሪክ ሊያነበው አይችልም። መግቢያውን ግን መጨረሻ ላይ እንዲያነቡት እመክራለሁ። እዚያ ኮኸን፣ ሕይወታቸውን ሙሉ ማጋነንን ሲያጋልጡ የኖሩት ሰው፣ በ1964 ያን ያህል የሠራው ድንጋጤ የመፍጠር መሣሪያ ለእውነተኛ ጭካኔና ለሰው ልጅ ስቃይ ደንታ ቢስ የሆነውን ዓለም ለመቀስቀስ ቢውል ምን ይሆን ነበር ብለው ይጠይቃሉ፤ ክላክተንን ከማንበቡ በፊት ይህን ጥያቄ ያገኘ አንባቢ ክብደቱን አይረዳውም።