ደብረ ብርሃን ጠባሴ ላሉት የብየዳ ማሽን ባለሙያ ምስጋና፣ ሚግ ለመግዛት ላሰባችሁም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁም። ደብረ ብርሃን፣ ደነባ፣ እነዋሪ፣ መሐል ሜዳ፣ ደብረ ሲና ያላችሁ የብረታ ብረት ልጆች፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በተለይ ለጓሮ ወርክሾፕ ሚግ (ሽቦ ራሱ እየገፋ የሚበይድ) ማሽን ልትገዙ ያሰባችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት። ጠባሴ ማሽን የሚጠግኑና የሚሸጡ አንድ አባት አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ ነው የምቀጥለው።

መጀመሪያ ምሬቱን ልናገር። ታናሽ ወንድሜ ግቢ ውስጥ በርና መስኮት ይሠራል፣ የጋሪ ሻንሲም ይበይዳል። 1.5 ሚሊ አር ኤች ኤስ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) በኤሌክትሮድ ሲበየድ እየበሳ ስላስቸገረው ወደ ሚግ መዞር ፈለገ። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ገባ፣ ፊቱ ላይ በትልቁ «300» የተጻፈበት ማሽን አቀረቡለት። «ሦስት መቶ አምፔር ነው፣ የፈለግከውን ብረት ይበላልሃል» ብለው ሸጡለት። ጀርባው ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ግን 160 አምፔር በ20 ፐርሰንት ነው የምትለው። ይህ ማለት በ160 አምፔር ከ10 ደቂቃ ውስጥ 2 ደቂቃ ብቻ በይዶ 8 ደቂቃ ማረፍ አለበት ማለት ነው። «300» የሞዴሉ ቁጥር እንጂ አምፔሩ አይደለም። ሊመልስ ሲሄድ «አንዴ ከተሰካ አይመለስም» ተባለ። ያ ሁሉ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» ከክፍያው በኋላ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው።

ማሽኑ ደግሞ እንደተባለው እንኳን አልሠራም። ሽቦው በሚገፋው ሮለር ላይ ይቋጠራል፣ ጫፉ ላይ ይጣበቃል፣ ብየዳው ይረጫል እንጂ አይይዝም። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደው፤ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብለው የማሽኑን ግማሽ ዋጋ ጠየቁ፣ ለከፈቱበትም አስከፈሉ። ሠርቶ የሚበላ ልጅ ላይ እንዲህ ማድረግ ያሳዝናል።

ጋሼ ጋ የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የጎኑን ክዳን ከፍተው ትንሽ አዩና «ጋዝ አለህ?» ብለው ጠየቁ። ያለ ጋዝ በሚሠራው ሽቦ እንደሚበይድ ሲነግራቸው ችግሩን ወዲያው ያዙት። ውስጡ ዱቄት ያለው፣ ያለ ጋዝ የሚሠራው ሽቦ ቶርቹ (በእጅ የሚያዘው መበየጃ) ኔጌቲቭ ላይ፣ ማሳው (ብረቱ ላይ የሚቆነጠጠው ገመድ) ፖዘቲቭ ላይ ሆኖ ነው የሚበየድበት። ጠጣሩና ጋዝ የሚፈልገው ሽቦ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቶርቹ ፖዘቲቭ ላይ ይሆናል። የወንድሜ ማሽን ከሱቅ ሲወጣ ለጋዝ እንደታሰረ ነበር። ሁለት ብሎን ፈትተው ገመዶቹን አቀያየሩ። ሮለሩም ለስላሳ ባለ ቪ ቦይ ነበርና ጥርስ ባለው ቀየሩት፤ ዱቄት ያለው ሽቦ ባዶ ቱቦ ስለሆነ ለስላሳ ሮለር ላይ ይንሸራተታል፣ እንዳይንሸራተት ስፕሪንጉ ሲጠብቅ ደግሞ ይጨፈለቃል፣ ከዚያ ላይነሩ (ሽቦው በቶርቹ ገመድ ውስጥ የሚያልፍበት ቱቦ) ውስጥ ይቀረቀራል። የቶርቹ ኮንታክት ቲፕ (ሽቦው የሚወጣበት ጫፍ) ቀዳዳው ተበልቶ ሞላላ ሆኖ ነበር፤ ከኪሳቸው አዲስ የ0.8 ቲፕ አውጥተው አሰሩበት። ቦርዱ ደህና ነበር። ሒሳብ ሲጠየቁ ያሉት «ካቻቢቴ ለማዞር ምን ላስከፍልህ ልጄ? የሮለሩንና የቲፑን ብቻ ስጠኝ» ነው። ያ ማሽን ዛሬ ለቀጭን ላሜራ እያገለገለ ነው።

ለበርና ለጋሪ ሥራ ግን አቅም ያለው ማሽን ያስፈልግ ስለነበር አዲስ ለመግዛት እሳቸው ጋ ተሄደ። ሁላችሁም እንድታውቁት የምፈልገው እዚህ ላይ የሆነውን ነው። ሱቃቸው ውስጥ ባለ 250 አምፔር ትልቅ ማሽን ቆሟል፤ ወንድሜም ዓይኑ እሱ ላይ ነበር። ጋሼ ዋጋ ከመናገር ይልቅ «መብራታችሁን ሳላይ ማሽን አልሸጥልህም» አሉና መልቲሜትራቸውን ይዘው ቤት መጡ።

ወርክሾፑ ሶኬት ላይ ለኩ፤ 214 ቮልት። «ይኼ ባዶውን ነው፣ አያታልላችሁ» አሉ። ቀጥለው የእንጀራ ምጣዱ ወደ ወርክሾፑ እንዲመጣ ጠየቁ። እናታችን ሊጥ አቡክታ ነበር። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው» ብለው ለምነው ምጣዱ ተሰካ። ቮልቱ ወደ 188 ወረደ። ምጣድ የሚስበው 16 አምፔር ገደማ ነው፤ ሚግ ማሽን በ200 አምፔር ሲበይድ ከመስመሩ 35 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል። ብዙዎቹ ኢንቨርተር (በኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የሚሠሩ) ማሽኖች የሚታገሡት ከ220 ቮልት 15 ፐርሰንት ያህል መውረድን ነው፤ 187 ላይ ሲደርሱ ድንበራቸው ነው። ከዚያ በታች አርኩ (የብየዳው እሳት) ይቆራረጣል፣ ማሽኑ የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራና ይቆማል፣ ሲደጋገምም ዕድሜው ያጥራል። በምጣድ ብቻ ድንበሩ ላይ የደረሰ መስመር 250 አምፔር ማሽን አይችልም።

ጋሼ እዚያ አላቆሙም። ከቆጣሪው እስከ ወርክሾፑ የተዘረጋውን ገመድ እየተከተሉ ሄዱ። መሃል ላይ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ መቀጠያ አገኙና በውጪ በኩል በእጃቸው ዳሰሱት። ይሞቃል። ገመዱ 2.5 ካሬ ሚሊ ነው፣ ርዝመቱ 40 ሜትር ይሆናል። «ማሽን ከመግዛትህ በፊት ይህን በ6 ካሬ ቀይር፣ ቅጥያ አይኑረው፣ ራሱን የቻለ 32 አምፔር ብሬከር አድርግለት። ትልቁን ብሸጥልህ ገንዘብህን መብላት ነው» አሉት። ገመዱ ከተቀየረ በኋላ በዚያው ምጣድ ሲለካ 198 ቮልት ቆመ። ትልቁን ማሽን ሸጠው ማትረፍ እየቻሉ ገዢውን ወደ ትንሹ የሚመልሱ ነጋዴ ስንት አሉ? እኔ ሌላ አላየሁም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

በመጨረሻ የተገዛው ባለ 200 አምፔር ኢንቨርተር ሲሆን፣ ሚግም ኤሌክትሮድም የሚሠራ ነው። ጋሼ ለምርጫው ያዩዋቸውን ነገሮች እዚህ አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው ጋ መሄድ ለማትችሉትም ይጠቅማል።

ሰሌዳውን አንብቡ። «ኤክስ» (X) የሚለው የሥራ ፐርሰንቱ ነው፣ «አይ 2» (I2) የብየዳው አምፔር፣ «አይ 1» (I1) ከመስመር የሚስበው ነው። 200 አምፔር በ60 ፐርሰንት የሚልና 200 አምፔር በ20 ፐርሰንት የሚል ማሽን አንድ አይደሉም። ይህ ፐርሰንት የሚሰላው በ40 ዲግሪ ሙቀት ሲሆን፣ ማሽኖቹ የተገመቱት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላላቸው ቦታዎች ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዳችን ይረዳል፣ ነገር ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ከውስጥ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ከምትፈልጉት አምፔር ትንሽ ከፍ ያለ ግዙና ዝቅ አድርጋችሁ ሥሩበት። በጄኔሬተር ለምትሠሩ የመንዝ ልጆች ደግሞ፣ በዚህ ከፍታ ሞተሩ ከተጻፈለት አቅም ሩቡን እስከ ሲሶውን ያጣል፤ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር የተባለው 5 አይሰጣችሁም።

ቶርቹ የሚነቀል፣ ባለ ዩሮ ኮኔክተር ይሁን። ከማሽኑ ጋር ተጣብቆ የሚመጣው ገመዱ ሲበላሽ ማሽኑ ራሱ ይቆማል። ኤም ቢ 15 የሚባለው ቶርች ለዚህ መጠን ይበቃል፣ ቲፑና ኖዝሉም በቀላሉ ይገኛል። የፖላሪቲ (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ) መቀያየሪያው ያለ መሆኑን ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ፤ «በጋዝም ያለ ጋዝም ይሠራል» እየተባለ መቀያየሪያ የሌለው አለ። ሽቦ ገፊው ብረት እንጂ ፕላስቲክ አይሁን። የማሳው መቆንጠጫ ስስ ቆርቆሮ ከሆነ ቀይሩት፤ ግማሹ የብየዳ ችግር ከማሳ ነው። ዝገትና ቀለም ላይ የተቆነጠጠ ማሳ አርኩን ያንተፋትፈዋል።

ስለ ጋዝ፦ የኛ አገር ነፋስ የታወቀ ነው። ከቤት ውጪ የጋዝ ብየዳ ስትሞክሩ ነፋሱ ጋዙን ይወስደዋል፣ ብየዳው በቀዳዳ ይሞላል። ጋዙን በደቂቃ ወደ 25 ሊትር በመክፈት አይስተካከልም፤ ሲበዛ ይሽከረከርና ራሱ አየር ይስባል። ቤት ውስጥ በደቂቃ ከ10 እስከ 12 ሊትር ይበቃል። ውጪ ከሆናችሁ ዱቄት ያለውን ሽቦ ወይም ኤሌክትሮድ ተጠቀሙ። ሁለቱንም የሚሠራ ማሽን የተመረጠው ለዚህ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምትጠቀሙ ከሆነ ሬጉሌተሩ (ቦንቦላው ላይ የሚገጠመው የጋዝ መቆጣጠሪያ) በረዶ ይሠራል፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ደግሞ ይብሳል። ማሽኑ ከኋላው 36 ቮልት የማሞቂያ ሶኬት እንዳለው አረጋግጡና ማሞቂያ ያለው ሬጉሌተር ግዙ። የቦንቦላው ጌጅ ስንት ጋዝ እንደቀረ አይነግራችሁም፤ ውስጡ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ያው ነው፣ ሊያልቅ ሲል በድንገት ይወርዳል። በሚዛን ነው የሚታወቀው። ቦንቦላ ከመግዛታችሁ በፊት የት እንደሚሞላም አጣሩ።

ሽቦው 0.8 ሚሊ፣ ኢ አር 70 ኤስ-6 የተባለው፣ በ5 ኪሎ ጥቅል። ለ1.5 ሚሊ አር ኤች ኤስ ከ60 እስከ 80 አምፔር፣ 16 ወይም 17 ቮልት፤ ለ3 ሚሊ ከ100 እስከ 120 አምፔር፣ 18 ወይም 19 ቮልት። ከዚህ ተነስታችሁ በጆሮ አስተካክሉ፤ ሲገጥም ጥብስ ምጣድ ላይ እንደሚያሰማው ያለ ወጥ ድምፅ ይሰጣል። ፓፓፓ ካለና ሽቦው ብረቱን እየገፋ እጃችሁን ከመለሰ የሽቦው ፍጥነት በዝቷል ወይም ቮልቱ አንሷል። ወደ ቲፑ እየተመለሰ ከተጣበቀ ሽቦው ዘግይቷል። በክረምት ሥራ ከሌለ ጥቅሉን አውጥታችሁ በፕላስቲክ አስሩት፤ የዛገ ሽቦ ላይነሩን ይበላል። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ ብረት) ስትበይዱ ዚንኩን በግራይንደር አንሱ፣ በርም ክፈቱ፤ ጭሱ ማታውን ትኩሳትና ብርድ ያመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ትልቁም ይህ ነው። ጋሼ ማሽኑን ከማስረከባቸው በፊት ሁለት ቁራጭ 4 ሚሊ ብረት በቲ ቅርጽ በየዱ፣ ላዩ እጅግ ያማረ። ከዚያ ሞርሳ ላይ አስረው በመዶሻ መቱት፤ እንደ ተለጠፈ ነገር ተላቀቀ። ሆን ብለው በ70 አምፔር ነበር የበየዱት። አምፔሩን ወደ 130 ከፍ አድርገው፣ ብረቱን በግራይንደር አጽድተው ደገሙት፤ ሲመታ ብረቱ ታጠፈ እንጂ ብየዳው አልለቀቀም። ሚግ በዝቅተኛ አምፔር ወፍራም ብረት ላይ ተኝቶ ያምራል፣ ሥር ግን አይገባም። ጋሪ ሻንሲ ላይ እንዲህ ያለ ብየዳ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አለ። «ለደንበኛ ከመስጠትህ በፊት ቁራጭ ላይ ሰብረህ እይ» ያሉትን ወንድሜ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፎታል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ይህን የሚያነብ ሁሉ ማሽን ሲፈልግ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ይሂድ፤ እባካችሁ ለሚበይድ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከራሳቸው ጠይቁ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ጥገና ላይ ስለሚሆኑ ከሰዓት ብትሄዱ ይመቻቸዋል። ስትሄዱ አዘውትራችሁ የምትበይዱትን ብረት ቁራጭ ያዙ፤ ከቆጣሪያችሁ እስከ ወርክሾፑ ያለውን ርቀትና የገመዱን ውፍረትም ለክታችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።