አር-449ኤ ጋዝ በአበባ ማቀዝቀዣ ክፍል፦ ከ14 ወር በኋላ

ክፍሉ ሆለታ አካባቢ ያለ የጽጌረዳ እርሻ ማቀዝቀዣ ነው፤ ሙቀቱ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ መካከል መቆየት አለበት። ማሽኑ የተገዛው በአር-404ኤ ማቀዝቀዣ ጋዝ ሲሆን፣ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው)፣ ኮንዴንሰሩ (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው) እና ኢቫፖሬተሮቹ (ክፍሉን የሚያቀዘቅዙት) ሳይነኩ ጋዙ ብቻ ወደ አር-449ኤ ተቀይሯል። ላለ ማሽን ጥሩ ምርጫ ነው። አዲስ ለሚገዛ ግን አልመክረውም፤ ለአዲስ እንደ መጠኑ ፕሮፔን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም አሞኒያ ቢታሰብ ይሻላል።

የመቀየሩ ምክንያት ቁጥር ነው። አንድ ኪሎ አር-404ኤ ቢያመልጥ የሚያደርሰው የሙቀት ጫና 3,922 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚያደርሰው ጋር እኩል ነው፤ የአር-449ኤ 1,397 ነው። የኪጋሊ ማሻሻያ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ኢትዮጵያ ባለችበት የአገሮች ቡድን የእነዚህን ጋዞች ፍጆታ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣሪያ አበጅቶለታል፤ በ2029 በ10 በመቶ፣ በ2035 በ30 በመቶ መቀነስ አለበት። ጣሪያው የሚሰላው በኪሎ ሳይሆን በካርቦን አቻ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ 404ኤ የሚይዘው ቦታ ለ2.8 ኪሎ 449ኤ ይበቃል፤ ቀድሞ የሚጠፋውና የሚወደደው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

እነዚህን ጋዞች የሚመለከተው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2024/573 እዚህ ባይሠራም፣ የፍሳሽ ፍተሻ ልኩን ተውሶ መጠቀም አይከፋም፦ ከ5 ቶን የካርቦን አቻ በላይ በዓመት አንዴ፣ ከ50 በላይ በየ6 ወሩ፣ ከ500 በላይ በየ3 ወሩ። የድሮው 22 ኪሎ 86 ቶን ነበር። አሁን ያለው 21.5 ኪሎ 30 ቶን ነው፤ ፍተሻው ከየ6 ወሩ ወደ በዓመት አንዴ ወርዷል ማለት ነው።

በለውጡ ቀን መጀመሪያ የሚታየው ሚዛኑ ነው። የማሽኑ ሰሌዳ 22 ኪሎ ይላል፤ ተስቦ ወደ መሰብሰቢያ ሲሊንደር የገባው 19.4 ብቻ ነበር። ማንም ያልመዘገበው 2.6 ኪሎ የት እንደሄደ አየሩን መጠየቅ ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከአዲሱ ጋዝም ጋር የሚስማማው ፖሊኦልኤስተር ስለሆነ የአሲድ ምርመራ ካለፈ አይቀየርም። ፊልተር ድራየሩ (እርጥበትና ቆሻሻ የሚይዘው ማጣሪያ) ግን የግድ ይቀየራል። ኦሪንጎች (የጎማ ቀለበቶች)፣ የሶሌኖይድ (የኤሌክትሪክ ቫልቭ) ጋስኬትና የመሙያ ቫልቭ እምብርቶችም እንዲሁ፤ የድሮ ጎማ ለድሮው ጋዝ አብጦ ልኩን ስለያዘ፣ ጋዙ ሲቀየር ሊኮማተርና ሊያፈስ ይችላል። አዲሱ ጋዝ ቅይጥ ስለሆነ ከሲሊንደሩ የሚወጣው በፈሳሽነቱ ነው። በእንፋሎት ከተሞላ ቅይጡ ይዛባል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፦ ከፍታው። ሆለታ ባለችበት 2,400 ሜትር የአየር ግፊት 0.76 ባር ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል 1.01። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ቫኪዩም ሲሳብ (አየርና እርጥበት በፓምፕ ሲወጣ) የጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ መርፌ ከሲቀነስ 0.76 ባር አያልፍም። ብዙ ቴክኒሻን ይህን ሲያይ «ፓምፑ ደክሟል» ብሎ ዘይት ይቀይራል፣ ወይ ሌላ ፓምፕ ያስመጣል። ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ በዚህ ከፍታ ከዚያ በታች መውረድ የማይችለው መርፌው ነው። ቫኪዩም የሚታመነው በማይክሮን መለኪያ (የቀረውን በጣም ጥቂት ግፊት በሚለካ) ብቻ ነው፦ 500 ማይክሮን ደርሶ፣ ፓምፑ ተዘግቶ ቁጥሩ ሽቅብ ካልሸሸ ደርቋል ማለት ነው።

በሥራ ላይም ያው ጌጅ ያሳስታል። ከእውነተኛው ግፊት አንጻር 0.25 ባር አብልጦ ስለሚያሳይ፣ ፊቱ ላይ የታተመው ሙቀት 1.5 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል፤ ሱፐርሂቱ (እንፋሎቱ ፈልቶ ካለቀ በኋላ የጨመረው ሙቀት) በዚያው ልክ ያነሰ ይመስላል። አር-449ኤ ደግሞ በአንድ ግፊት ሁለት ሙቀት አለው፤ መፍላት የሚጀምርበትና የሚጨርስበት፣ በመካከላቸው 5 ዲግሪ ገደማ። ሱፐርሂት በሚጨርስበት፣ ሳብኩሊንግ (ፈሳሹ ከዚያ በታች የቀዘቀዘበት ልክ) በሚጀምርበት ይሰላል። ሰንጠረዡን አገላብጦ ያነበበ ሰው ሱፐርሂት 11 ነው ብሎ ኤክስፓንሽን ቫልቩን (ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚገባውን ፈሳሽ የሚመጥነውን) ይከፍታል፤ እውነቱ 6 ነበር። ውጤቱ ፈሳሽ ወደ ኮምፕሬሰር መመለስ ነው። ከፍታ የሚሞላበት ዲጂታል ማኒፎልድ (የጌጆች ስብስብ) ቢገዛ ለአንድ ኮምፕሬሰር ነፍስ ይበቃል። ግፊት ሲወርድ ማሽኑን የሚያቆመው የዝቅተኛ ግፊት መቁረጫም በፋብሪካው ቁጥር ከተተወ ዘግይቶ ይቆርጣል፤ 0.25 ባር ከፍ ይደረግ።

የኮንዴንሰሩ ማራገቢያ የሚገፋው አየር ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል የቀለለ ነው። ሆለታ ስለማይሞቅ ያልፋል፤ ዝዋይ ግን ፊኑ (የኮንዴንሰሩ ስስ የብረት ቅጠል) ካልጸዳ አያልፍም።

የኮምፕሬሰሩ መውጫ ቧንቧ ከ72 ወደ 84 ዲግሪ ወጥቷል። ለአበባ ምንም አይደለም። ለሥጋ በ20 ከዜሮ በታች ለሚሠራ ግን ጭማሪው ዘይት እስከማቃጠል ሊደርስ ስለሚችል የጭንቅላት ማራገቢያ ያስፈልጋል። የመብራት ፍጆታው በቆጣሪ ሲታይ የሚያስደስት ለውጥ የለውም፤ ያው ነው።

በ14 ወሩ ውስጥ የተጨመረው ጋዝ 0.8 ኪሎ ነው፣ 1.1 ቶን አቻ። ፍሳሹ የተገኘው ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ባለች የፍሌር ነት (የተነፋ የቧንቧ ጫፍ የምታጠብቅ ብሎን) ላይ ነው። የሳሙና አረፋ ማሽኑ ቆሞ ምንም አላሳየም፤ ኢንፍራሬድ ጠቋሚ ግን ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ሳለ ጮኸ። ነቱን አጥብቆ መተው መፍትሔ አይደለም፤ ጫፉ ተቆርጦ እንደገና ተሠርቷል፣ ቧንቧውም ታስሯል።

ሌላው ብልሽት ከጋዙ ጋር አይገናኝም፦ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲገባ የፌዝ (የሦስቱ የመብራት መስመሮች) ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ኮምፕሬሰሩ ግድ አልነበረውም፣ የኮንዴንሰር ማራገቢያዎቹ ግን ወደ ኋላ ዞሩ፣ የከፍተኛ ግፊት መቁረጫው ማሽኑን አቆመ። የፌዝ ቅደም ተከተል ሪሌይ ያልተገጠመለት ክፍል ይህን ሳያይ አይቀርም። መብራቱ ለሰዓታት ከጠፋም የክራንክኬዝ (የኮምፕሬሰሩ የዘይት ቋት) ማሞቂያው ዘይቱን ሳያሞቅ ኮምፕሬሰሩ አይነሳ፤ ጋዙ ዘይት ውስጥ ገብቶ ሲነሳ አረፋ ይሆናል።

ማሽኑ ላይ የተለጠፈው አዲስ ምልክት የጋዙን ስም፣ 21.5 ኪሎ እና 30 ቶን አቻ ይላል። የድሮው ምልክት መፋቅ አለበት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ካሉ ቀጣዩ ቴክኒሻን 404ኤ ይጨምርበታል።