ጃይንት ክላም ልትገዙ ነው? ከሥሩ ሳታዩ አትክፈሉ

አሜሪካ ሆናችሁ ቤታችሁ ውስጥ የኮራል አኳሪየም ያላችሁ ወገኖች፣ ጃይንት ክላም (ባለ ሁለት ዛጎል ትልቅ የባሕር እንስሳ) በፎቶ ብቻ አይታችሁ አትግዙ።

ጓደኛዬ በቅርቡ ከአንድ የኦንላይን ሻጭ «ብርቅ ሰማያዊ ማክሲማ» የተባለ ትንሽ ክላም በ240 ዶላር ገዛ፤ ማክሲማ አንዱ የጃይንት ክላም ዝርያ ነው። የመጣለት ግን ሌላ ዝርያ፣ ደራሳ ነው። ደራሳ መጥፎ ዝርያ አይደለም፤ ለጀማሪ እንዲያውም የሚመከረው እሱ ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ ከማክሲማ ይረክሳል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ርዝመቱም ግማሽ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። የጓደኛዬ አኳሪየም 100 ሊትር ገደማ ነው የምትይዘው። ይህን ሻጩ ያውቃል፤ ጓደኛዬ ከመግዛቱ በፊት ነግሮታል።

ማታለያው መብራቱ ነው። በሰማያዊ መብራት ብቻ ፎቶ ሲነሳ ማንኛውም ክላም ያምራል። በነጭ መብራት ሲታይ ግን የጓደኛዬ ክላም ቡናማ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በነጭ መብራት የተቀረጸ ቪዲዮ ጠይቁ። እምቢ ካለ እለፉት።

ቀለም ዝርያውን አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ዛጎሉ ነው፣ በተለይ ከሥር ያለው ክፍተት። ክላም በዚያ ክፍተት ክር አውጥቶ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል። ማክሲማና ክሮሲያ የተባለው ዝርያ ክፍተታቸው ሰፊ ነው። ክሮሲያ ድንጋይ ቦርቡሮ ስለሚገባ ዛጎሉ አብዛኛውን ጊዜ የተፋቀ ይመስላል፤ መጠኑም ከ15 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ማክሲማ ወደ አንድ ጎን ዘለግ ያለ ነው፤ ዛጎሉ ላይ ጥቅጥቅ ያሉ ትናንሽ ቅርፊቶች ተደርድረዋል። ስኳሞሳ የተባለው ዝርያ ቅርፊቶች ትልልቅና የተራራቁ ናቸው። ደራሳ ለስላሳ ነው፣ ክፍተቱም ጠባብ። ትልቁ ዝርያ ጊጋስ ከ1 ሜትር በላይ ያድጋል፣ ከ200 ኪሎ በላይም ሊመዝን ይችላል። «ለቤት ይሆናል» የሚላችሁ ካለ አትስሙት።

በጣም ያናደደኝ ግን ሌላው ጉዳይ ነው። የጓደኛዬን ክላም ከድንጋይ ላይ ያላቀቁት በጉልበት ጎትተው ነው። ክሩ በስለት ቢቆረጥ ችግር የለውም፣ ሌላ ያወጣል። ሲጎተት ግን ክሩን የሚያመነጨው ሥጋ አብሮ ይቀደዳል፤ እንዲህ የተጎዳ ክላም ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ስለዚህ ሻጩ ገልብጦ ከሥሩ ያሳያችሁ። የተንጠለጠለ ወይም የተበጣጠሰ ሥጋ ካያችሁ በነጻም ቢሰጣችሁ አትውሰዱ። እግረ መንገዳችሁንም የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ቀንድ አውጣ መኖሯን እዩ። የክላሙን ፈሳሽ የምትመጥ ጥገኛ ናት፤ አንዱን ክላም ከያዘች ወደ ሌሎቹም ትተላለፋለች።

ጤነኛ ክላም ጥላ ሲያርፍበት ወዲያው ይሰበሰባል። አፉን ከፍቶ የሚያፈጥ፣ ሲነኩትም የማይነቃነቅ፣ ወይም ሥጋው መሃል ላይ የነጣ ከሆነ ተዉት።

ሻጩ «ካልመገብከው ይሞታል» ብሎ የፋይቶፕላንክተን (በዓይን የማይታዩ የውሃ ዕፀዋት) ጠርሙስም ጨምሮ ሸጦለታል። ይህም ትክክል አይደለም። ክላም ሥጋው ውስጥ በብርሃን ምግብ የሚሠራ አልጌ አለው፤ ዋናው ምግቡ የሚመጣው ከእሱ ነው። ለጠርሙሱ የምታወጡትን ገንዘብ ጠንካራ መብራት ላይ አውሉት። የውሃው ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፣ ሙቀት 25 ወይም 26 ዲግሪ፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ሳይዋዥቅ ከ8 እስከ 9 dKH ይሁን። ናይትሬትን ዜሮ ካላደረግን አትበሉ፤ ክላሙ ትንሽ ይፈልገዋል። የዓሣ መድኃኒት ኮፐር (መዳብ) ካለበት ግን እዚያ ውሃ ውስጥ ጠብ እንዳይል፤ ይገድለዋል።

ጅዳና አካባቢዋ ያላችሁ ደግሞ «ከቀይ ባሕር ትኩስ የወጣ» የሚላችሁን ሰው ራቁ። እዚያ የሚገኘው ስኳሞሲና የሚባለው ዝርያ ለመጥፋት የተቃረበ ነው። ጃይንት ክላም ሁሉ በሳይቲስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ) ስምምነት የተመዘገበ ስለሆነ ከአገር አገር ያለ ፈቃድ አይሻገርም። በእርባታ ያደገ አለ፤ ለምሳሌ በፓሲፊክ ያለችው ደሴት አገር የፓላው። ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

ገንዘቡስ? የሻጩ ዋስትና «ሞቶ ከደረሰ ብቻ» ይላል፤ ክላሙ ደግሞ በሕይወት ነው የደረሰው። ስለዚህ ስትገዙ በካርድ ክፈሉ። የዝርያው ስም የተጻፈበትን ማስታወቂያ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ዕቃው ሲመጣ አኳሪየም ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዛጎሉንና ሥሩን በነጭ መብራት ቅረጹ። ሻጩ አልመልስም ካለ፣ ያ ማስረጃ ይዛችሁ ባንካችሁ ዘንድ «የታዘዘው ሌላ፣ የመጣው ሌላ» ብላችሁ አቤት ማለት ትችላላችሁ። ጓደኛዬም አሁን የያዘው ይህንኑ መንገድ ነው።