ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ወይስ ዲማክስ ሲንግል? ተሳቢ ይዞ ደንገጎን ለሚወጣ ሰው

የአጎቴ ልጅ ሐረር ላይ ቤት እየሰራ ነው፣ ሚክሰሩንም ጄኔሬተሩንም ውሃውንም ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት እየወጣሁ በተሳቢ እየጎተትኩ አመላልሳለሁ ብሎ ሁለት ፒካፕ አይቶ መጣ፣ አንዷ ሃይሉክስ 2.4 ደብል ጋቢና አንዷ ዲማክስ 1.9 ሲንግል። ደላላው ሁለቱንም "ሶስት ተኩል ቶን ትጎትታለች" ይላል። አቦ፣ ውሸት ባይሆንም ግማሹን ነው የነገረው።

3.5 ቶን የሚባለው የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው፣ ፍሬን ለሌለው አብዛኛው ፒካፕ የተፈቀደለት 750 ኪሎ ብቻ ነው። 1,000 ሊትር ሮቶ ሙሉ ውሃ ብረቱ ሳይቆጠር 1 ቶን ነው! እኔ ደግሞ እዚህ ብየዳ ቤት የተሰራ ተሳቢ ፍሬን ኖሮት አይቼ አላውቅም። ግማሽ የሞላው ሮቶ ይባስ፣ ኩርባ ላይ ውሃው ወዲያ ወዲህ ሲል ተሳቢው መኪናዋን ይዟት ይወዛወዛል።

ሌላው ጥምር ክብደት ነው፣ መኪናዋና ተሳቢው ከነጭነታቸው ተደምረው። ጣሪያው 5,800 ኪሎ ነው እንበል፣ መኪናዋ ከነሰውና ከነሲሚንቶ 3,000 ከመዘነች ለተሳቢ የሚቀረው 2,800 ነው፣ ሶስት ተኩሉ የት ሄደ? እዚህ ላይ ሲንግሉ ይሻላል፣ ጋቢናው ትንሽ ስለሆነ ራሱ ይቀላል፣ ሰውም አይጭንም። ግን ባለ ሁለት ጎማ ነጂው ዲማክስ አንዳንድ አገር የተፈቀደለት 2.5 ቶን ነውና ፎር ዊል መሆኑን አይታችሁ ግዙ።

ጉልበት ላይ ሃይሉክስ ይበልጣል፣ ሁለቱም ወደ 150 ፈረስ ጉልበት ሆነው የሃይሉክሱ ኦቶማቲክ 400 ኒውተን ሜትር ቶርክ (ጎማ የማዞር ጉልበት) ሲሰጥ የዲማክሱ 350 ነው፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ይሄ ይታወቃል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900፣ ደንገጎ ራሱ ከ2,000 ያልፋል፣ ብዙ አምራቾች ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጭነቱ 10 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። የሃይሉክስ መለዋወጫ የትም አለ፣ እሱ ላይ አንከራከር።

መውጣቱ ግን ቀላሉ ነው። ቁልቁለቱን እኔ አንዴ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ይዤ ስወርድ ፔዳሉ እየሰመጠ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ጋቢና ውስጥ ገባ፣ ዳር ይዤ ቆሜ ፍሬኑ እስኪበርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጫለሁ። ለቁልቁለት እኔ ማንዋል ነው የምመርጠው፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ይያዛት።

ስለዚህ ለአጎቴ ልጅ ያልኩት፣ በየሳምንቱ ብቻህን የምትጎትት ከሆነ ፎር ዊል ሲንግሉን፣ ቤተሰብና ሰራተኛ ጭነህ አልፎ አልፎ ትንሽ ተሳቢ ከሆነ ሃይሉክሱን። የትኛውንም ስትገዛ ባትሪ ይዘህ ከስር ግባ፣ ጋንቾው (ተሳቢው የሚቀጠልበት መንጠቆ) ሻንሲው ላይ በቡሎን መታሰሩን እይ፣ ባምፐር ላይ ብቻ የተበየደ ከሆነ ዋጋው ውስጥ አዲስ ጋንቾ ቁጠር። ከዛ የጫነ ተሳቢ ቀጥል፣ የተሳቢው ክብደት አንድ አስረኛ ያህሉ ጋንቾው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ኋላዋ ባሌስትራው (የኋላ ሞላው) እስኪቃና ተቀምጣ መሪው ከቀለለህ ሻጩን አመስግነህ ውረድ።